ስለ ሾተላይ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ



አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጇን በደኅና ከተገላገለች በኋላ፣ ተከታዮቹ ልጆቿ በማኅፀን ሳሉ ወይም በተወለዱ በጥቂት ቀን ሰውነታቸው ቢጫ እየሆነ ሲሞቱባት፣ ነገሩ በአገራችን «ሾተላይ» ይባላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ በቈየበት ዘመን ነቀፌታው በሴቲቱ ላይ ይወድቅ ነበር። ዛሬ ግን አንዱና ዋነኛው ምክንያት በሚገባ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ትዳር ለመመሥረት የሚያስቡ ወጣቶች ሁሉ ሊረዱት ይገባል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. ካርል ላንድሽታይነርና አሌክሳንደር ዊነር የተባሉ ሊቃውንት በሰው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ አርኤች የተባለ ምልክት መኖሩን ገለጹ። ምልክቱ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም፤ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ጠባይ ነው። ሁለቱም ወላጆች ፖዘቲቭ ሆነው ሳለ ልጃቸው ኔጌቲቭ ልትሆን ስለምትችል፣ የወላጆችን ደም አይቶ በግምት መናገር አይቻልም።

ችግሩ የሚነሣው ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ከፖዘቲቭ ባሏ ፖዘቲቭ ልጅ ስትፀንስ ነው። በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ከእርሷ ደም ጋር ቢቀላቀል፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚዋጋውን መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ይህ መከላከያ ሳይዘጋጅ ስለሚወለድ ነው። ኋላ ወደሚፀነሰው ፖዘቲቭ ልጅ ግን መከላከያው በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል።

ፀረ ዲ የተባለው መርፌ እንደዚያው አቈጣጠር ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በእርግዝናው በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ደግሞም ፖዘቲቭ ልጅ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ውርጃ ሲያጋጥምም ሳይውል ሳያድር ሐኪም መጠየቅ ያሻል። ይሁን እንጂ መርፌው የሚጠቅመው ሰውነቷ መከላከያውን ከማዘጋጀቱ በፊት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ የደምን ዓይነት ማወቅ ከመጀመሪያው እርግዝና መቅደም አለበት።

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቍጠር የቈየ ልማዳችን ነው። እጮኛሞች በዚህ ላይ የደማቸውን ዓይነት ቢያስመረምሩ፣ ውጤቱ ጋብቻቸውን የሚያስቀር ሳይሆን የልጆቻቸውን ሕይወት የሚጠብቅ ይሆናል።