ደም እንዳይረጋ የሚገታው ፕሮቲንና የቁስል ንጽሕና

ቢላ እጅ ሲቆርጥ ደም ቶሎ መርጋቱ መልካም ነው፤ ልጓም ካጣ ግን መርጋቱ ራሱ ይጎዳል። ልጓሙ፣ ጉበታችን በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራው ፕሮቲን ሲ ነው። ስዊድናዊው ዮሃን ስቴንፍሎ በ1976 እ.ኤ.አ. ከከብት ደም ለይቶ አወጣው። ሌላም ሥራ አለው፦ የተጎዳ ሕዋስ በሥርዓት ራሱን ሊያጠፋ ሲል፣ የነቃው ፕሮቲን ሲ በደም ሥር ውስጠኛ ገጽ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ «ቆይ፣ ገና ነው» እንደ ማለት ያን ሞት ይገታል።

ቁስል አመርቅዞ ተሐዋስያን ወደ ደም ሲገቡ ግን ፕሮቲኑ ይመነምናል፤ ደም በቀጫጭን ሥሮች ይረጋል፣ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። በ2001 ለዚሁ የወጣው መድኃኒት በኋላ በተደረገ ሙከራ ሞትን ስላልቀነሰ በ2011 ከገበያ ተነሥቷል። እኛም የምንለው በሩን ከወዲሁ ዝጉ ነው፦ ቁስል ላይ የቡና ዱቄት ወይም ፋንድያ አትነስንሱ፤ በሳሙናና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠቡት። ብርድ ብርድ ካላችሁና ካተኮሳችሁ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።