የገመድ አልባ ማውስ መቆራረጥ በሊኑክስ ኮምፒውተር፦ ምክንያቱን በማስረጃ ስለ መለየት

በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ገመድ አልባ ማውስ በየጊዜው ሲቆም፣ ብዙ ተጠቃሚዎች ማውሱን ይለውጣሉ ወይም ስርዓተ ክወናውን እንደገና ይጭናሉ። እነዚህ እርምጃዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚወሰዱ በመሆናቸው፣ ገንዘብና የሥራ ጊዜ ከባከነ በኋላም ችግሩ ሊመለስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በዩኤስቢ ሪሲቨር የሚሠራን ማውስ ማሳያ በማድረግ፣ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን ምክንያቶች እንዴት መለየት እንደሚቻል ያብራራል።

የማውሱ እንቅስቃሴ ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው በሁለት ተከታታይ ግንኙነቶች ነው። የመጀመሪያው በማውሱና በሪሲቨሩ መካከል ያለው የሬዲዮ ግንኙነት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሪሲቨሩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው የዩኤስቢ ግንኙነት ነው። የሁለተኛው መቋረጥ በከርነሉ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ግን በአብዛኛው ምልክት አይተውም። ስለሆነም የማውሱ ባትሪ ደካማ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ማውሱ በቆመበት ቅጽበት መዝገቡን «ዲሜሴጅ» በተባለው ትእዛዝ መመልከት ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ ተለያይቶ በአዲስ ቁጥር እንደገና መመዝገቡ ከታየ፣ መመርመር ያለበት መሰኪያው፣ ሃቡ ወይም የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ካልታየ ግን ሁለት ዋና ዋና ምክንያቶች ይቀራሉ።

አንደኛው ኃይል ቁጠባ ነው። ሊኑክስ ሥራ የፈታን የዩኤስቢ መሣሪያ ለጊዜው ማስተኛት ይችላል። ከርነሉ ይህን አሠራር ከሃብ በስተቀር ለሌሎች መሣሪያዎች በራሱ ባይጀምርም፣ እንደ ፓወርቶፕ ያሉ የኃይል ቁጠባ ፕሮግራሞች ሊያስጀምሩት ይችላሉ፤ መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜም 2 ሰከንድ ነው። መለያ ምልክቱ፣ ማውሱ የሚቆመው እጅ ካረፈ በኋላ መሆኑና ለመንቃት መዘግየቱ ወይም መጫንን መጠየቁ ነው። ሪሲቨሩን በሚወክለው ማውጫ ውስጥ፣ በ«ፓወር» ሥር የሚገኘውን «ኮንትሮል» የተሰኘ ፋይል ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» በመለወጥ ግምቱን መፈተን ይቻላል። ለውጡ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚጠፋ፣ ውጤት ካሳየ በዩዴቭ ደንብ ቋሚ ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው የሬዲዮ ሞገድ ጣልቃ ገብነት ነው። እንዲህ ያሉ ማውሶች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ዋይፋይና ብሉቱዝም የሚጋሩትን የ2.4 ጊጋኸርትዝ ክልል ነው። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የዩኤስቢ 3.0 መሣሪያዎች፣ ገመዶችና መሰኪያዎች በዚሁ ክልል ውስጥ ረባሽ ሞገድ ያመነጫሉ። በዚህ ጊዜ ማውሱ የሚቆራረጠው እየተንቀሳቀሰ ሳለ፣ በተለይም የጥናት መረጃ ወደ ውጫዊ ዲስክ በሚገለበጥበት ወቅት ነው። ቅጂው ሳይጠናቀቅ ዲስኩን መንቀል መረጃውን ለጉዳት ያጋልጣል፤ ሪሲቨሩን በዩኤስቢ 2.0 ማራዘሚያ ገመድ ከዲስኩና ከመሰኪያው ማራቅ ግን ያለ ስጋት የሚደረግ ፍተሻ ነው። ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ማዛወርም ሊረዳ ይችላል።

በሁሉም ደረጃ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት። ኃይል ቁጠባው ተዘግቶ ሪሲቨሩም አብሮ ከተዛወረ ማውሱ ሊስተካከል ይችላል፤ የተስተካከለበት ምክንያት ግን አይታወቅም፤ ችግሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲደገምም ምርመራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።