መርዶ የሰማ ሰው ወዴት ይሂድ?

አገር ቤት መርዶ ወግ አለው። የሞተበት ሰው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳል። ሐዘንተኛው ሰዎቹን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ያኔ የሚደግፈው፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አጠገቡ አለ።

በስደትም ይህን ወግ ለመጠበቅ ብዙ ተደክሟል። ስልክ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኛው ነበር። ጓደኛውም ወሬውን በሆዱ ይዞ እስከ ቅዳሜ ይቆይና ሰው አሰባስቦ ማለዳ ይሄዳል። ዛሬ ግን የእጅ ስልክና ፌስቡክ ቀድመው ይደርሳሉ። መርዶው ሰውን ታክሲ ሲነዳ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፍ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ያገኘዋል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ሰው ወዴት ይሂድ?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ መልሱን ያውቀዋል፤ ወደ ሰፈሩ ምግብ ቤት ይሄዳል። ፈረንጅ ተሰልፎ የሚገባባቸውን ትልልቆቹን ማለቴ አይደለም። ስድስት ሰባት ጠረጴዛ ያላቸውን፣ ሽሮና በያይነቱ በርካሽ የሚበላባቸውን፣ በአንድ ስኒ ቡና ሦስት ሰዓት ቢቀመጡ ማንም ተነሱ የማይልባቸውን ቤቶች ነው።

ከእነዚህ በአንዱ፣ አንድ የክረምት ቀን ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። አንድ ወጣት ታክሲ ነጂ ገብቶ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ጥግ ተቀመጠ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ ምን ላምጣልህ አሉት።

«ምንም፣ እትዬ። ቡና ብቻ።»

ፊቱን አዩና ቡናውን ትተው አጠገቡ ቁጭ አሉ። «ማን ነው?» ብቻ ነው ያሉት።

«እናቴ» አለ።

ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ጋዜጣቸውን አጥፈው ወንበራቸውን ወደሱ ሳቡ። ከማድ ቤት ሽሮ እየተንተከተከ መጣ። ልጁ አልበላም አለ። እትዬ እንጀራውን ቆርሰው ጠቀለሉና፣ «ብላ ልጄ፣ ለቅሶም ጉልበት ይፈልጋል» ብለው አጎረሱት። እያለቀሰ ጎረሰ። ሁለተኛውን ጉርሻ ያጎረሰው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም።

ልጁ እናቱን ለመቅበር መሄድ አይችልም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። በአሜሪካ ሕግ፣ ማመልከቻው ሳይወሰን ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአገር የወጣ ሰው ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ፈቃድ ቢይዝ እንኳ ሸሸሁት ወዳለው አገር መመለሱ ለጉዳዩ አደገኛ ነው። ቀብር ባይሄድ ለቅሶ ይቀመጥ እንዳይባል፣ ኑሮው ከሌሎች ጋር በተጋራት ጠባብ ምድር ቤት ነው። እሑድ ጠዋት እትዬ ቤታቸውን ለገበያ ሳይሆን ለለቅሶ ከፈቱ። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ፤ ቡና ተፈላ፤ ሰው ገባ ወጣ አለ። እድርና ዘመድ አገር ቤት የሚሠሩትን ሥራ ያን ቀን አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሠራችው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ግን በቦታቸው ለመቆየት ሁልጊዜ ትግል ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተ በኋላ፣ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአዳምስ ሞርጋን፣ በ18ኛው ጎዳና ላይ በረከቱ። የዚያ ሰፈር ኪራይ ሲንር ብዙዎች ወደ 9ኛው ጎዳናና ወደ ዩ ስትሪት ወረዱ። እዚያም ኪራዩ ተከተላቸው። ከዚያም ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ቨርጂኒያም፣ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ትልቁ ቤት እንደምንም ይቋቋማል። ስድስት ጠረጴዛ ያለው ግን ኪራይ በጨመረ ቁጥር የሽሮውን ዋጋ ከፍ ማድረግ ወይም መዝጋት ነው ምርጫው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር አለ። በፈረንጅ ምግብ ቤት ለአንድ ሳህን ሰላጣ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ ጉርሻ ጨምሮ የሚወጣ ሰው፣ የሐበሻ ሽሮ አንድ ዶላር ሲጨምር «ዘረፋ ነው!» ይላል። ሌላው ቀኑን ሙሉ በአንድ ቡና ፖለቲካ ሲያቦካ ውሎ ራቱን ቤቱ ይበላል። መቀመጡ ነውር የለበትም፤ የቤቱ ደግነት ነው። ነገር ግን የኪራይ ቀን ሲደርስ ባለቤቷን የሚጠይቃት ሰው ደግነቷን አይቆጥርላትም።

አገር ቤት ለእድር በየወሩ የምናዋጣው ሞት በየወሩ ስለሚመጣ አይደለም፤ በመጣ ጊዜ ድንኳኑም ወንበሩም ዝግጁ እንዲሆን ነው። የሰፈሩ ምግብ ቤትም እንደዚያው ነው። በደህናው ቀን ጎራ ብሎ ምሳ መብላት፣ ልጆችን ይዞ መሄድ፣ ሒሳብን ሳያጉረመርሙ መክፈል መዋጮ ነው። ስልኩ አንድ ቀን ለሁላችንም ይደወላል። ያን ቀን በሩ ክፍት ሆኖ እንዲጠብቀን ዛሬ እንግባ።