አዲስ ሃርድ ዲስክ ስንገዛ፦ ፋይል ከመጫናችን በፊት



የምረቃ ፕሮጀክት ሲደርስ ብዙዎቻችን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንገዛለን። ከካርቶኑ እንዳወጣነውም የአራት አምስት ዓመት ፋይል እንገለብጥበትና ከላፕቶፑ ላይ እናጠፋዋለን። ዕቃው ግን ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ እየተንገጫገጨ ነው የመጣው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ሄድ የሚባለው አንባቢ ክፍል ደግሞ ከሳህኑ በላይ በስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ስለ አየር ካነሳን፣ ከፍታችንስ? በብዙ ዲስኮች መመሪያ ላይ የሥራ ከፍታ ወሰኑ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አያሰጋም። ለመስክ ሥራ ጮቄ ጫፍ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ የምንወጣ ከሆነ ግን እዚያ ላይ ባንከፍተው ይሻላል፤ ፍላሽ ይበቃል።

መድረሳ የቀራን “ኺያሩ ሸርጥ”ን እናስታውሳለን፦ ገዢና ሻጭ ተስማምተው ዕቃውን የመመለስ መብት ለተወሰነ ቀን ያቆያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ጣሪያው ሦስት ቀን ነው። ለዲስክ ፍተሻ ከበቂ በላይ ነው። ከመክፈላችን በፊት እንነጋገርበት፤ ደረሰኙ ላይም ይጻፍልን።

ፍተሻው ሁለት ነው። አንደኛው ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን ማየት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል፤ አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ነው። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 በተባሉት መስመሮች የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። ሆኖም ቆጣሪው ሊታለል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ አዲስ ተብለው ከተሸጡት መካከል ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ የተመለሰ፣ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ ዲስኮች ተገኝተዋል።

ስለዚህ ሁለተኛው ይበልጣል፦ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ ማንበብ። ኤች2ቴስትደብሊው ይህን ይሠራል፤ መጠናቸው የተጋነነ ሐሰተኛ ዲስኮችንም ያጋልጣል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ብንል አንድ ቴራባይት ለመጻፍ ሦስት ሰዓት፣ ለማንበብም ያንኑ ያህል ይወስዳል። መብራት ከጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ይህን ሁሉ አይችልምና ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ዲስኩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ማታ ይጀመር። አልጋ ላይ አይሆንም።

ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ፕሮግራም ተመልሰን ሦስቱን መስመሮች እንይ። አንዱ እንኳ ከዜሮ ከፍ ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንስተን ዲስኩን ከነካርቶኑ ያንኑ ቀን እንመልሰው። ፎርማት ቢደረግ ይስተካከላል የሚል ሻጭ ያጋጥማል፤ ሳህኑ ላይ ያለ ጉዳት በፎርማት አይድንም።