የቀለም ቤቱ ተልባ
ተልባ ሲባል የሚታየን ተቆልቶ የሚወቀጠው የጾም ተልባ ነው። ቀለም መሸጫ የሚገኘው «የተፈላ የተልባ ዘይት» ግን ለሆድ አይደለም። ስሙ የተፈላ ይባል እንጂ የዛሬው አብዛኛው አልፈላም፤ ቶሎ እንዲደርቅ ኮባልት ወይም ማንጋኒዝ ያለበት ማድረቂያ ተጨምሮበታል። የዘይት ቀለምን ያቀጥናል፤ ለበርና ለመስኮት እንጨትም ወዝ ይሰጣል። እያደር ቢጫ ስለሚሆን ለነጭ ቀለም ባይጨመር ይሻላል።

እኔን እንደ ነርስ የሚያሳስበኝ የተጠረገበት ጨርቅ ነው። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ያኔ ይሞቃል። ተጨማድዶ የተጣለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል! ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ዘይቱን በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ልጅ ከጠጣው አታስመልሱት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።