በሰማንያ ሲነዱ ስንት ዲግሪ ነው?

የታኅሣሥ ብርድ በጠና ቁጥር በሞተረኞች መካከል የሚነሣ ወሬ አለ። ዘንድሮ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በማለዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ወደ ደብረ ብርሃን የሚነዳ ሰው ዙሪያ ያለው አየር በነፋሱ ምክንያት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ይወርዳል፤ የራዲያተሩ ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ቤንዚኑ ይጓጉላል፤ የነጂው ጣት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። መልእክቱን የላከልኝ የተማረ ሰው ነው። ከሥሩ «አንተ የፊዚክስ ሰው አይደለህ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጽፎበታል።

አይደለም። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ቦክሰርን የመሰሉት፣ በየመንገዱ የምናያቸው ሞተሮች ራዲያተር የሚባል ነገር የላቸውም፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት ክንፎች ሙቀቱን በቀጥታ ለነፋስ ይሰጣሉ። የሌለ ውሃ በረዶ አይሆንም። ቤንዚንም በእኛ ደጋ ብርድ የሚጓጉል ነገር አይደለም፤ በሳይቤሪያ ክረምት እንኳ ሰው በቤንዚን መኪና ይነዳል። የጣቱን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዋናው ስሕተት አየሩ ላይ ነው። መሪው ላይ ቴርሞሜትር አስሮ የሚነዳ ሰው፣ ሲነሣ 5 ዲግሪ ካነበበ በ40ም በ80ም ሲነዳ የሚያነበው 5 ዲግሪ ነው። ነፋስ የሚንቀሳቀስ አየር እንጂ ሌላ አየር አይደለም፤ ስለተንቀሳቀሰ አይቀዘቅዝም። እንዲያውም ነገር እናክርር ከተባለ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ሞተር ፊት የሚገታው አየር ተጨምቆ በጥቂቱ ይሞቃል፤ ስሌቱ ሩብ ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ቴርሞሜትሩ ቢሳሳት እንኳ የሚሳሳተው ወደ ሙቀቱ ነው። ደረቅ የሆነ ብረት፣ ፕላስቲክ ወይም ቆዳ ነፋስ ስለመታው ብቻ ከአየሩ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። እርጥብ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚተን ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ነፋስ የሚያደርገው ሙቀታችንን መውሰድ ነው፤ አወሳሰዱ ደግሞ ከፊዚክስ ውስጥ እኔ አብዝቼ የምወደው ክፍል ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ። በማናቸውም አየር ውስጥ በሚሄድ ነገር ላይ፣ ገጹን የሚነካው የመጨረሻው አየር አይንቀሳቀስም። ከገጹ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይጓዛል። ከእሱ በላይ ያለው በጥቂቱ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በላይ ያለው ትንሽ ይፈጥናል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ስንል ሙሉ ነፋሱ ይገኛል። ይህን ስስ ንጣፍ በሒሳብ ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1904 ሃይደልበርግ ላይ በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበው፤ ሲታተም ስምንት ገጽ ብቻ ነበር። የአውሮፕላን ክንፍ ጥናት ዛሬም በእነዚያ ስምንት ገጾች ላይ ቆሟል።

ለሞተረኛው የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ የቆመ አየር ሙቀት ለማሳለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። ውሃ ከእሱ ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ ቆዳችን ላይ የተጣበቀው ንጣፍ ሳንገዛው የተሰጠን ልብስ ነው ማለት ይቻላል፤ ነፋስ በበረታ ቁጥር የሚሳሳውም እሱ ነው። የሚሳሳበት መጠን ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። አየሩ ሳይናወጥ እስከ ፈሰሰ ድረስ ፍጥነት አራት እጥፍ ሲሆን ንጣፉ የሚሳሳው በግማሽ ነው። ከ20 ወደ 80 ኪሎ ሜትር የጨመረ ሰው ከቆዳው በላይ ያለውን መከላከያ ግማሹን አጣ ማለት ነው እንጂ ሦስት አራተኛውን አይደለም። ከቆመበት ተነሥቶ 20 የገባ ሰው፣ ከ60 ወደ 80 ከጨመረው ይበልጥ ይራቆታል። ጣት ከደረት ቀድሞ የሚደነዝዘውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀጭን ነገር ላይ ንጣፉ ለመወፈር ቦታ አያገኝም፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ስንዝር ገጽ ከጣት የሚወጣው ሙቀት ከክንድ ከሚወጣው ይበልጣል።

ይህም ሆኖ ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀት የሚወስነው ንጣፉ ብቻ አይደለም። ከብት በሁለት በር ከሚወጣበት ግቢ ጋር ብናስተያየው ይቀላል። የውጪውን በር እስከ ፈለግን ብናሰፋው የውስጠኛው ጠባብ ከሆነ የከብቱ ፍሰት በዚያው ይወሰናል። የሰውነታችን የውስጥ በር ሥጋና ቆዳ ነው፤ ያውም ብርድ ሲሰማው የደም ሥሮቹን አጥብቦ ራሱን የሚያጠብ በር። ነፋሱ የውጪውን በር በከፈተ ቁጥር ሥልጣኑ ወደ ውስጠኛው ይዛወራል። ሰማንያ ላይ ያለው ብርድ የአርባው እጥፍ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ 15 ዲግሪ እንምጣ። ቁጥሩ ከባዶ የተፈጠረ አይመስለኝም። ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1941 አንታርክቲካ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልተው ነፋስ ላይ ሰቀሉና በረዶ ለመሆን የሚፈጅበትን ጊዜ ለኩ። ከዚያ ያወጡት ቀመር ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲሠራበት ኖረ። ችግሩ የፕላስቲክ ዕቃ የውስጥ በር የለውም፤ ደም ሥር የሚያጠብ አካል አይደለም። በእነሱ ቀመር 3 ዲግሪ በሆነ አየር በ80 ብንነዳ ከዜሮ በታች 15 ገደማ ይወጣል። ወሬው የተቀዳው ከዚያ የቆየ ሠንጠረዥ ይመስላል። ያው ቀመር ፍጥነቱ ከ90 ሲያልፍ ብርዱ እየቀነሰ ይሄዳል ይላል፤ ይህን ደግሞ ማንም ሞተረኛ ይስቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ ቀመሩን ቀየሩት። ቶሮንቶ ውስጥ 12 ፈቃደኞች በነፋስ ዋሻ ውስጥ እየተራመዱ ፊታቸው የሚያጣው ሙቀት ተለካ። በአዲሱ ቀመር 5 ዲግሪ በሆነ ጠዋት 30 ላይ የሚነዳ ሰው ፊት ልክ ነፋስ በሌለበት 0 ዲግሪ ላይ እንዳለ ያህል ሙቀት ያጣል፤ 60 ላይ ከዜሮ በታች 2፣ 80 ላይ ከዜሮ በታች 3። ከዜሮ በታች 15 ለማግኘት አየሩ ራሱ ቀድሞ ከዜሮ በታች 4 ገደማ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ግን አዲሱንም ቁጥር እንደ ወንጌል እንዳይዘው አንባቢን አስጠነቅቃለሁ፤ እኛው የሙያው ሰዎች የምንነታረክበት ነው። አንደኛ፣ ቀመሩ የተሠራው ለተራማጅ ሰው ራቁት ፊት ነው፤ ሄልሜት አድርጎ መስታወቱን ለዘጋ ሰው ምንም አይነግረውም። ሁለተኛ፣ የሚቀበለው የነፋስ ፍጥነት ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለካውን ነው፤ ፊት ላይ ሲደርስ በሲሶ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። የሞተረኛ ነፋስ ግን ራሱ ፊቱ ላይ ያለው ስለሆነ ውጤቱን አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ታች መግፋት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ፀሐይን ጨርሶ አያውቃትም፤ የእኛን የበጋ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ጉድለት እንደሆነ አይጠፋውም። አራተኛው የራሴ ቅሬታ ነው። ቶሮንቶ ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀት የሚወስደው ደግሞ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ በክብደቱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ጫጫ ላይ በ60 የሚነዳ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ በ45 የሚነዳውን ያህል ነው የሚበርደው፣ የአየሩ ሙቀት እኩል እስከ ሆነ ድረስ። ለከፍታ የሚስተካከለውን ቀመር እዚያው ደጋው ላይ ለክቶ የሚያወጣ ተማሪ ቢገኝ ሥራው የምርቃት ጽሑፍ ይሆነዋል።

ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ የዕረፍት ቀን ብቻዬን ወደ ጣርማ በር የወጣሁት ይህን ሁሉ ለመፈተን አልነበረም፤ ሥራ ስለሌለኝና ሰማዩ ስለጠራ ነው። ግን ሞተር ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከማሰብ ሌላ ምን ያደርጋል። ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፌ ሸኖ ስደርስ የጤፍ ክምሩና የገለባው ሽታ ደስ የሚል ነበር፤ የትም የምቸኩልበት ስላልነበረኝ ከ50 ብዙም አላለፍኩም። ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለቸኮለ ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ፤ እኔ ሻይ ባየሁበት ሁሉ ስቆም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሸኖ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ውርጭ ተጨዋወትን። ባቄላቸውን ውርጭ መቶባቸዋል። «ነፋስ ያደረ ሌሊት አይመታም፣ ልጄ፤ የሚፈራው ጭር ያለው ነው» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ የቴሌግራሙ ሰውዬ ቢሰማቸው ይጠቅመው ነበር። በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬትና ቅጠል ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ፣ ከላያቸው ካለው አየርም በታች ይቀዘቅዛሉ። ነፋስ ከመጣ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ያወርድና ያማስለዋል፣ ውርጩም ይቀራል። ነፋስ ዕቃን በረዶ ያደርጋል የሚለውን ወሬ የደጋ ገበሬ በየዓመቱ በማሳው ላይ ሲያስተባብል ይኖራል።

ቀስ ብሎ መንዳት ከብርድ ያድናል ወይ ለሚለው መልሱ በለበስነው ይወሰናል። ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ለለበሰ ሰው 40ና 80 ደረቱ ላይ ልዩነታቸው ጥቂት ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ከውስጥ ያለው የቆመ አየር ነው፣ እሱን ደግሞ ነፋሱ አይነካውም። ጋቢ ወይም ሹራብ ብቻ ለደረበ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። ነፋስ ጨርቅ ላይ የሚያደርገው ግፊት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ 80 ላይ ያለው የ40ውን አራት እጥፍ ነው። ያ ግፊት በክሩ መካከል ገብቶ በጥጡ ውስጥ የተያዘውን የሞቀ አየር ጠርጎ ያወጣዋል። የዓለም ምርጥ ጋቢ እንኳ ከላዩ ላስቲክ ካልደረቡበት ሞተር ላይ ወንፊት ነው። ደረታቸው ላይ ካርቶንና ጋዜጣ የሚሸጉጡ የድሮ ሞተረኞች ይህን ከማንም ሳይማሩ ደርሰውበታል፤ ካርቶኑ ሙቀት ስላለው ሳይሆን ነፋስ ስለማያሳልፍ ነው የሚሠራው።

ወደ ጣት ልመለስ። አየሩ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ደረቅ ጣት በነፋስ በረዶ ሆኖ አይሞትም፤ ከአየሩ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልምና። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፣ ወሬኞቹም አይጠቅሱትም። የጣት ቆዳ ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ቅልጥፍናው ይቀንሳል፤ ፍሬን የሚይዘው እጅ ይዘገያል። 60 ላይ አንድ ሰከንድ መዘግየት 17 ሜትር ያህል ነው፤ ከመንገድ ዳር ዘሎ የሚገባ በግ ደግሞ 17 ሜትር አይሰጥም። ብሪታንያዊው ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1930 እንደገለጸው ብርድ ውስጥ የቆየ ጣት የደም ሥሩን አልፎ አልፎ ራሱ ከፍቶ ይሞቃል፣ መልሶ ይዘጋል። ያ ድንገተኛ ሙቀት ብርዱ አለፈ ማለት አይደለም።

ወሬው ውስጥ ያለችውን የእውነት ፍሬ ሳልነግር ብቀር ግፍ ይሆናል። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል፣ አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖም። ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ግፊቱም ስለሚወርድ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጭጋግ ወይም እርጥበት ካለ እንፋሎቱ እዚያው በረዶ ሆኖ መተንፈሻውን ያጠባል። ሞተሩ ይንተባተባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ጥቂት ደቂቃ ቢያቆሙት የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠውና እንደ ምንም ይነሣል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ቤንዚኑ ጓጉሎ ነበር ብሎ ያወራል። ነፋሱ እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም፤ ደረቅ በሆነው የበጋ አየርም እምብዛም አይደርስም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጣርማ በር ላይ አንድ ወጣት ሞተረኛ ሲያደርገው ስላየሁ። ከሞተሩ ወረደና ጓንቱን አውልቆ የደነዘዙ ጣቶቹን ሲሊንደሩ ላይ ለጠፈ። የሲሊንደር ክንፍ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ መቃጠሉን የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ብብትህ ውስጥ ክተታቸው» አልኩት። ብብት 36 ዲግሪ ገደማ ነው።