ቁስሉ ሳይዘጋ የሚሰጥ ጨረር ለማን ነው?

የምላስ፣ የጉሮሮ ወይም የማንቁርት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ብዙ ታማሚዎች የጨረር ሕክምና ይከተላቸዋል። ግሬይ በተባለው የጨረር መለኪያ በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በድምሩ ከ60 እስከ 66 ግሬይ ይሰጣል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አፍ ይደርቃል፣ ምግብ መዋጥ ያማል፣ ጣዕም ይጠፋል። በሌላ በኩል፣ ታማሚው ገና በማደንዘዣ እንደተኛ፣ ቁስሉ ሳይዘጋ፣ ከ10 እስከ 20 ግሬይ በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት ዘዴ አለ። ታዲያ ይህን ያህል ስቃይ በደቂቃዎች ማለፍ ከተቻለ ለምን ለሁሉም አይደረግም? እኔ እንደምረዳው ይህ ዘዴ የስድስት ሳምንቱን ሕክምና አይተካም። ጥቅሙ ሌላ መንገድ ለጠበባቸው ጥቂት ታማሚዎች ነው፤ ለእነርሱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

እነዚህ ታማሚዎች አንገታቸው ቀድሞ ጨረር የተቀበለና ካንሰሩ እዚያው የተመለሰባቸው ናቸው። ህብለ ሰረሰር፣ የመንጋጋ አጥንትና ካሮቲድ የተባለው ትልቁ የአንገት ደም ቅዳ የመጀመሪያውን ጨረር ጉዳት ሙሉ በሙሉ አይረሱም። ሙሉውን መጠን ከውጭ ዳግም መስጠት አጥንቱ እንዲሞት፣ ይባስ ብሎም ደም ቅዳው እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከካሮቲድ ላይ ልጦ ቢያወጣም በዓይን የማይታዩ ሴሎች አለመቅረታቸውን እርግጠኛ መሆን አይችልም። የጨረር ሐኪሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች የሚያሰጋውን ቦታ አብረው ያያሉ፤ ጤነኛውን አካል ወደ ጎን ገለል ያደርጋሉ ወይም በእርሳስ ይከልላሉ፤ ከዚያ ኤሌክትሮን የሚያወጣው ቱቦ ቦታው ላይ ይደገናል። ኤሌክትሮን ጥቂት ሴንቲሜትር ዘልቆ ቶሎ ስለሚዳከም ከሥር ያለው ህብለ ሰረሰር ይተርፋል፤ የተገለጠው ቆዳም ከጨረሩ መንገድ ይወጣል።

ለሁሉም ያልሆነበት አንዱ ምክንያት የሰውነት ሥሪት ነው። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት፣ በአንድ ጊዜ የተሰጠ 15 ግሬይ በዕጢው ላይ በየቀኑ እየተከፈለ ከሚሰጥ 31 ግሬይ ጋር ይመጣጠናል። ከዓመታት በኋላ ጉዳታቸው በሚታይባቸው እንደ ነርቭ ባሉ አካላት ላይ ግን 54 ግሬይ ያህል ይከብዳል። ጨረሩን ከፋፍሎ መስጠት የቆየው ጤነኛው አካል በየመሃሉ እንዲያገግም ነው። ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። ካንሰሩ ከአንገት ንፍፊት ሽፋን አልፎ መውጣት አለመውጣቱን፣ የተቆረጠው ጠርዝም ንጹሕ መሆን አለመሆኑን በሙሉ የሚናገረው ቀናት ቆይቶ የሚመጣው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። በ2004 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሲመዘኑ፣ ጨረር ከኬሞቴራፒ ጋር መውሰድ በተለይ የሚጠቅመው ማን እንደሆነ የጠቆሙት እነዚሁ ሁለት ምልክቶች ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ቀን ሁሉን መጨረስ ማለት ይህን ሳያውቁ መወሰን ነው። የጡት ካንሰርም አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሚላን ውስጥ 1,305 ሴቶች በዕጣ ተመድበው በ2013 በታተመው ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ብቻ 21 ግሬይ ከተሰጣቸው በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዚያው ጡት የተመለሰባቸው 4.4 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ጨረር ከወሰዱት ግን 0.4 በመቶ ነበሩ። በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አልታየም፤ ቢሆንም ምቾቱ ዋጋ አስከፍሏል።

በተቃራኒው የሚነሳ ጥያቄም አለ፤ በአንገት ካንሰር ላይ ያለው ማስረጃ በአብዛኛው ከየሆስፒታሉ ያለፉ መዛግብት የተሰበሰበ ነውና ለምን እናምነዋለን? ጥያቄው ትክክል ነው። ለቀዶ ሕክምና የተመረጡ ታማሚዎች ከመነሻው የተሻለ ተስፋ ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካንሰሩ ጨረር በነካው ቦታ ቢገታም ከዳሩ ውጭ ወይም በሳንባ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ጥቂት በመሆናቸው ትልቅ ጥናት ማካሄድ ይከብዳል፤ ምርጫቸውም በዚህ ዘዴና በተሻለ ሕክምና መካከል ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ዘዴና ያለ ጨረር በመቅረት መካከል ነው። አደጋው በግልጽ ተነግሯቸው እንዲመርጡ መፍቀድ ተገቢ ይመስለኛል።

የአንድ ቀን ሕክምና ምኞት በእኛ አገር ይበልጥ ይገባኛል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ስለነበር ታማሚ ከሩቅ ክልል መጥቶ ለሳምንታት አዲስ አበባ ማረፊያ መፈለግ ነበረበት። ያን ችግር የሚያቃልለው ግን ተራው የጨረር መሣሪያ በየክልሉ መተከሉ፣ ባለሙያውና ጥገናው አብረው መሟላታቸው ነው። በቀዶ ክፍል የሚሰጠው ጨረር ከዚያ በኋላ፣ ካንሰር የተመለሰባቸውን ታማሚዎች በብዛት በሚያይ አንድ ማዕከል ቢጀመር ይበቃል።